ያዘነበለው ምሰሶ

ውድ እህቴ፣

ለካሜራ ባለሙያነት በቀረብሽበት ቃለ መጠይቅ፣ ካሜራው በፍጥነት ወደ ጎን ሲዞር ቀጥ ያለ ምሰሶ ለምን አዘንብሎ እንደሚታይ ተጠይቀሽ «ሻተር ስፒዱ ስለዘገየ ነው» ብለሽ እንደመለስሽ፣ ሥራውም እንዳመለጠሽ ጽፈሽልኛል። ሙያው ለእኔ አይሆንም ይሆን? ብለሻል። ይሆንሻል። በዚህ ብዙ ዓመት የሠሩም ይሳሳታሉ።

ሁለት ጊዜዎችን ለይተሽ ያዢ። አንዱ እያንዳንዱ የፒክስል ረድፍ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው፤ ሻተር ስፒድ የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል) ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው አንብቦ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የሲሞስ ሴንሰሮች (በዛሬ ካሜራዎች የተለመደው ዓይነት) ረድፎቹን ተራ በተራ ስለሚያነቡ፣ የታችኛው ረድፍ ተራው እስኪደርስ ካሜራው ዞሯል፤ የምሰሶው እግር ከአናቱ ጋር የማይገጥመውም ለዚህ ነው። ሮሊንግ ሻተር የሚሉት ይኸው ነው። ሻተር ስፒዱን 1/4000 ሰከንድ ብታደርጊው ብዥታው ይጠፋል እንጂ ማዘንበሉ አይቀንስም፤ እንዲያውም ጠርዙ ስለሚጠራ ጎልቶ ይወጣል።

ንባቡ 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድና ምሰሶው 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ፍሬም በ1 ሰከንድ ቢያቋርጥ፣ ከአናት እስከ ግርጌ 38 ፒክስል ያህል ያዘነብላል። በቃለ መጠይቅ እንዲህ በቁጥር የሚመልስ ሰው እምብዛም አያጋጥምም።

አሁን የራስሽን ካሜራ ለኪው። በሰከንድ 500 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ኤልኢዲ ነጭ ግድግዳ ላይ አብሪ፣ ሌላውን መብራት አጥፊ፣ ግድግዳው ፍሬሙን ሞልቶት በ1/4000 ቅረጪ። ብሩህና ጨለማ አግድም መስመሮች ታያለሽ። እያንዳንዱ ብሩህ መስመር አንድ ብልጭታ ነው፤ ብሩሆቹ 10 ከሆኑ፣ 10 ለ500 ሲካፈል 0.02 ሰከንድ ነው፤ የካሜራሽ የንባብ ጊዜ ያ ነው። ይህን ከምንም የምስክር ወረቀት አስበልጬ አየዋለሁ።

«ግሎባል ሻተር ሲመጣ ይህ እውቀት ምን ያደርግልኛል?» ላልሽው፦ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ግሎባል ሻተር ያለው፣ ማለትም ረድፎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያነሳ፣ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ አስተዋውቋል፤ ስልኮችና አብዛኞቹ ካሜራዎች ግን ዛሬም በረድፍ ነው የሚያነቡት። በድሮን ካርታ የሚያነሱ ድርጅቶችም ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ድሮኑ እየበረረ እያንዳንዱ ረድፍ ከተለያየ ቦታ ስለሚነሳ ልኬቱ ይዛባባቸዋል። እነሱም ጋ አመልክቺ።

ስታመለክቺ ሁለት አጭር ቪዲዮ አያይዢ፦ አንዱ በ1/50፣ ሌላው በ1/4000፣ ያው ምሰሶ፣ ያው የካሜራ አዟዟር። ከሥሩ የለካሽውን የንባብ ጊዜ ጻፊበት።