ጥያቄና መልስ፦ ብላይንድ ፌዝ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው የፈረሰው የኮከቦች ባንድ

ከየባንዱ ተሰባስበው አዲስ ባንድ ለማቋቋም የተነሱ የለገጣፎ፣ የቡራዩና የሰበታ ወጣቶች ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ብላይንድ ፌዝ የጠየቁት ከነመልሱ ይኸው። የሮኩ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ እነማን ነበሩ? እንዴትስ ተገናኙ?

ጊታሩን ኤሪክ ክላፕተን፣ ድራሙን ጂንጀር ቤከር፣ ኦርጋኑንና ዘፈኑን ስቲቭ ዊንውድ፣ ቤዙንና ቫዮሊኑን ሪክ ግሬች ያዙ። ክላፕተንና ቤከር የመጡት ክሪም ከሚባል ባንድ ነው። ክሪም በ1966 ተመሥርቶ ኖቬምበር 26 ቀን 1968 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። ዊንውድ ትራፊክ፣ ግሬች ደግሞ ፋሚሊ ከሚባሉ ባንዶች ነው የመጡት። በ1969 መጀመሪያ ክላፕተን ገጠር ወዳለው የዊንውድ ቤት እየሄደ ሁለቱ ያለ ምንም ውል፣ ደስ እያላቸው ይጫወቱ ነበር። ቤከር ሲጨመር ክላፕተን አመንትቷል፤ ከክሪም ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከተገናኙ ሕዝቡ ክሪምን መልሱልን እንደሚል ገብቶት ነበር። የፈራውም አልቀረም።

ታዲያ ምን ጣላቸው? ጠብ ነው?

ጠብማ ክሪም ውስጥ ነበር፤ ቤከርና ቤዝ ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ብላይንድ ፌዝን የጣለው ጥድፊያ ነው። ቀኖቹን ተመልከቱ፦ ጁን 7 ቀን 1969 ሃይድ ፓርክ ውስጥ፣ 100,000 ገደማ ሰው ፊት፣ የመጀመሪያ መድረካቸው። ወዲያው ስካንዲኔቪያ። ጁላይ 12 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ኦገስት 24 ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ላይ የመጨረሻው። በትንሽ ክለብ ተፈትኖ የሚስተካከል ነገር ሁሉ ስታዲየም በሚያህል አዳራሽ፣ ትኬት በገዛ ሰው ፊት ነው የተፈተነው። ኒውዮርክ ላይ መድረኩ የሚሽከረከር ስለነበር ድምፁ አንዴ ወደ አንዱ ወገን፣ አንዴ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር።

አልበማቸው ግን አንደኛ ወጥቷል አይደል?

አዎ፣ በአሜሪካም በእንግሊዝም።

ዘፈን አልነበራቸውም የሚባለውስ?

ዋናው ነገር እሱ ነው። አልበሙ ስድስት ዘፈን፣ በድምሩ 42 ደቂቃ ገደማ ነው። ሦስቱ የዊንውድ፣ አንዱ የክላፕተን፣ አንዱ የቤከር ነው፤ አንዱ ደግሞ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከበዲ ሆሊ የተወሰደ። የቤከሩ ብቻውን 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ አብዛኛውም ሶሎ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ነው። እሱን ስታነሱት 27 ደቂቃ ይቀራል። በዚህ የአሜሪካን አዳራሽ መሙላት አይቻልም። ስለዚህ የክሪምንና የትራፊክን ዘፈኖች ጨመሩ፤ ሕዝቡ በጣም የሚያጨበጭበው ደግሞ ለእነዚያ ሆነ። አዲስ ባንድ በድሮ ዘፈኑ ሲጨበጨብለት አዲሱን መጻፍ ያቆማል።

ለእናንተ ስሌቱ ይኸው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ምሽት፣ ዘፈኑን 5 ደቂቃ፣ መሸጋገሪያውን 1 ደቂቃ ብትይዙ 15 ዘፈን ያስፈልጋል። 18 አዘጋጁ፤ ሦስቱ መጠባበቂያ ናቸው። ግማሹ የራሳችሁ ሳይሆን ማስታወቂያ አትለጥፉ። የቀረውንም ከአንድ አባል የቀድሞ ባንድ ብቻ አትውሰዱ፤ ያ አባል ሳታስቡት አለቃ ይሆናል።

ገንዘቡንስ እንዴት እንካፈል?

ከመጀመሪያው መድረክ በፊት ጻፉት። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ወረቀት፦ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ በመቶ ስንት። ክሪም ውስጥ የዘፈኑ ገቢ በደራሲነት ለተመዘገቡት ነበር የሚሄደው፤ የዘፈኖቹን የድራም ምት የፈጠረው ቤከር ድርሻዬ ቀረ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያማርር ኖሯል። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከቅጂ መብት ጎን የተጫዋቾችን ተዛማጅ መብትም ያውቃል፤ ግን ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ክርክሩ አያልቅም።

ቡራዩ የምንለማመድባት ክፍል ትንሽ ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ሁሉም ድምፁን ይጨምራል፤ ማንም አይሰማም።

ክሪምም በዚሁ ተሠቃይቷል። ባለ 100 ዋት የማርሻል አምፖች (የድምፅ ማጉያዎች) ተደርድረው ብሩስ ሲጨምር ክላፕተን ይጨምራል፤ አንዴ ክላፕተን መጫወቱን ቢያቆም ሁለቱ ሳያውቁ ቀጥለዋል። ክላፕተንና ቤከር ከጊዜ በኋላ ጆሯቸው ተጎድቷል።

መጀመሪያ ያለ ማይክ የሚጫወተውን ድራም ለኩ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በታች ይሁን። ቀጥሎ ቤዙ፣ ከዚያ ኪቦርድና ጊታር። የጊታር አምፕ ወለል ላይ ከተቀመጠ ጉልበት ነው የሚመታው፤ ተጫዋቹ አልሰማ ስለሚለው ይጨምራል። ወንበር ላይ አውጡት፣ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉት። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ ወጥሩ። 100 ዴሲቤል ላይ ለጆሮ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 15 ደቂቃ ነው።

መብራቱ ሲወርድ አምፕ ይደክማል፤ የሁሉንም ዋት ደምራችሁ አንድ ተኩል እጥፉን የሚችል ስታቢላይዘር ያዙ። የእምምታ ድምፅ ካለ ሚክሰሩንና አምፖቹን ከአንድ ሶኬት ስቡ። የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን በፍጹም! እምምታው ይጠፋል፣ ማይክ የነካ ሰው ግን ሊሞት ይችላል።

ከፈረሱ በኋላስ?

ክላፕተን በጉዞው መድረኩን ይከፍቱላቸው ከነበሩት ከዴላኒና ቦኒ ጋር ሄደ። ዊንውድ በ1970 ትራፊክን መለሰ። ቤከር ኤር ፎርስ የሚባል ትልቅ ባንድ መሠረተ፤ ከዚያ ሰሃራን በመኪና አቋርጦ ሌጎስ ገባ፣ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ፣ እዚያም ስቱዲዮ ከፈተ። ያረፈው በ2019 ነው።

ከየት እንጀምር?

ከሃይድ ፓርኩ ፊልም። የቤከርን እግሮች ተከታተሉ፤ በክሪም ጊዜ የነበሩት ሁለቱ የእግር ድራሞቹ ባለ 20 እና ባለ 22 ኢንች ናቸው፣ ድምፃቸው የሚለየውም ለዚህ ነው። ክላፕተን የቴሌካስተር አካል ላይ የስትራቶካስተር አንገት (ሁለቱም የጊታር ሞዴሎች ናቸው) የተገጠመበት ጊታር ይዟል፤ ሶሎ ሲደርስ እንኳ ብዙም ወደ ፊት አይወጣም። ያን ካያችሁ በኋላ አልበሙን አዳምጡ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተጫወተውና መድረክ ላይ የተጫወተው እኩል አይደሉም።