ጥያቄና መልስ፦ 4 ቮልት ላይ የሚግለው ፓወር ሰፕላይ

ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ቮልቱ ከፍና ዝቅ የሚል የዲሲ ፓወር ሰፕላይ እቤት መሥራት። የተመረጡትን እነሆ።

ቮልት በሚያስተካክለው አይሲ በኤልኤም 317 ሠራሁ፤ ትራንስፎርመሩ 24 ቮልት ነው። 12 ቮልት ላይ ትንሽ ኤልኢዲ አብርቼበት ደህና ነበር። ለስልክ ወደ 4 ቮልት ሳወርደው ግን በጣም ይግልና ይጠፋል። አይሲው ፎርጅድ ይሆን? (የሞባይል ጥገና ተለማማጅ፣ ፍራንኮ ሰፈር)

ፎርጅድ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ራሱን እያዳነ ነው። 24 ቮልት ኤሲ በዳዮድና በካፓሲተር ሲያልፍ ወደ 32 ቮልት ዲሲ ይደርሳል። ስልኩ የሚፈልገው 4 ነው፤ የተረፈውን 28 ቮልት አይሲው ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስልኩ 1 አምፔር ከሳበ 28 ዋት ሆነ ማለት ነው፤ የሊድ መበየጃህ ራሱ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ኤልኢዲው ደህና የነበረው የሚስበው አምፔር ትንሽ ስለሆነ ነው። አይሲው ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ይዘጋል።

ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያስወጣውን ብረት) ማሳደግ ብቻውን አያዋጣህም፤ በአዳማ ቀትር ሂትሲንኩም ከመነሻው ሞቆ ነው የሚጠብቅህ። ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመር ፈልግ፣ ሙቀቱ ወደ 7 ዋት ይወርዳል። የአይሲው የብረት ጀርባ ከመውጫው እግር ጋር የተገናኘ መሆኑንም አትርሳ። ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን) ጣልቃ ሳታስገባ ከብረት ሳጥን ጋር ካሰርከው ሳጥኑ በሙሉ ፖዘቲቭ ይሆንልሃል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ቮልቱን እያዞርክ የምትቀይርበት ባለ 5 ኪሎ ኦም ቮሊዩም ከ240 ኦም ሬዚስተር ጋር እስከ 27 ቮልት ይሄዳል። እጅህ ትንሽ ካዳለጠ የደንበኛህ ስልክ አለቀለት። ቮሊዩሙን በ1 ኪሎ ኦም ብትተካው ጣሪያው 6 ቮልት ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል።

ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፤ ፓወር ሰፕላይ እሠራለሁ ብሎ ያዘኝ። በ220 መብራት መነካካቱን ፈራሁ። (እናት፣ አዳማ)

መፍራትዎ ልክ ነው፤ ግን አይከልክሉት። 220ውን ሳይነካ መሥራት ይችላል። ያረጀ ግን የሚሠራ የላፕቶፕ ቻርጀር ይፈልጉለት፤ ያልተከፈተ፣ ገመዱ ያልተላጠ ይሁን። ብዙዎቹ 19 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ከፊቱ ኤክስኤል 4015 የተባለው አይሲ ያለበትን፣ ቮልትም አምፔርም የሚስተካከልበትን ትንሽ ቦርድ ይግጠም። ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች አንዱ ቮልቱን፣ አንዱ አምፔሩን ይወስናሉ። ለጀማሪ ዋጋ ያለው የአምፔሩ ነው። ብዙ ሰው 30 ቮልት ካልደረሰልኝ ይላል፤ እኔ ግን 15 ቮልት ኖሮት አምፔር የሚገድበውን እመርጣለሁ። ልጅዎ ግማሽ አምፔር ላይ ገድቦ ይጀምር፤ ሽቦ አሳስቶ ቢያገናኝም ብዙ ጊዜ ዕቃው ይተርፋል።

የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ቢሆንስ?

ይሆናል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ሲያገናኙት ይነሳል፤ ብርቱካናማው 3.3፣ ቀዩ 5፣ ቢጫው 12 ቮልት ነው። ሽፋኑን ግን አትክፈቱ፤ ከስፒና ተነቅሎም ውስጡ 300 ቮልት የያዘ ካፓሲተር ሊኖር ይችላል። ሌላው ችግር ቢጫው ሽቦ 10 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊለቅ መቻሉ ነው፤ የእናንተ ቦርድ ቢቃጠል ደንታ የለውም። ርካሹ መላ የባለ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፖል በመስመሩ መሃል ማስገባት ነው። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ የሚያልፈውም ከ2 አምፔር አይበልጥም።

ቮልትም አምፔርም በሚስተካከልበት ቦርድ የባጃጄን ባትሪ ልሙላ?

ሙላ። ቮልቱን ባዶውን 14.4 ላይ አስተካክለህ ከዚያ ባትሪውን አገናኝ። አምፔሩን ባትሪው ላይ የተጻፈውን አምፔር ሰዓት ለ10 አካፍለህ ወስን። መብራት ድንገት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ኋላ እንዳይለቅብህ መውጫው ላይ ዳዮድ አስገባ፤ ዳዮዱ ትንሽ ቮልት ስለሚበላ ልኩን ባትሪው ጫፍ ላይ አረጋግጥ።

ማሳያው 5 ቮልት ይላል፣ ዕቃው ግን እየጠፋ ይነሳል።

ቴስተሩን ዕቃው ጋ አድርገህ፣ ዕቃው እየሠራ ሳለ ለካ። 4 ቮልት ተኩል ካገኘህ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ባለ መቆንጠጫ ርካሽ ገመዶች ውስጣቸው ቀጭን ነው፤ አሳጥረህ በወፍራም መዳብ ቀይራቸው።