ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ፌሎውሺፕ ለምትጠይቁኝ የጎንደር ልጆች

የማመልከቻ ወቅት መቃረቡን ከጻፍሁ ወዲህ መልእክቱ ስለበዛብኝ ዛሬ ማታ እዚሁ ጠይቁኝ። ሁለት ዓመት ፌሎው ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ኋላም ለሦስት ዙር ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ነበርሁ። ከሁሉ አስቀድሞ፦ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ፌሎውሺፕ የለም። የመመዝገቢያ፣ የፎርም፣ የ«ማስጨረሻ» የሚባል ክፍያ የለም።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ፌሎውሺፕና ስኮላርሺፕ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ስኮላርሺፕ ያስተምርሃል፤ ፌሎውሺፕ በአብዛኛው ያሠራሃል። ቺቭኒንግ የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ 2,800 ሰዓት ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የለንደኑ የጥናት ተቋም ኦዲአይ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በጀመረው ፌሎውሺፕ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸውን ወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በታዳጊ አገሮች መሥሪያ ቤቶች ለሁለት ዓመት ሲያሠራ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የናይሮቢው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ደግሞ ተመራማሪ ይደግፋል። አንዱን ደብዳቤ ለሦስቱም እንዳትልክ።

የአዘዞዋ፦ አጠቃላይ ውጤቴ 2.9 ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ማስታወቂያው ዝቅተኛ ውጤት ካልጠቀሰ አመልክቺ።

የቋራ ልጅ፦ ጽሑፍ አቅርቡ ይላል። «የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት መንስኤና መፍትሔ» ብዬ ጀምሬአለሁ። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ተው! ይህን ርዕስ ያላነበብሁበት ዙር የለም። አምስት ገጽ ሙሉ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ይላል፤ ጸሐፊው ግን አንድ ጆንያ ጤፍ ስንት እንደገባ አያውቅም።

አንዲት አመልካች ግን አትረሳኝም። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር በሰፈሯ የፈረስ ጋሪ ዋጋም እንደሚጨምር አስተዋለች። ጋሪ ቤንዚን አይጠጣም! ታዲያ ለምን ጨመረ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው በር ቆማ የባጃጁን፣ የጋሪውንና የወዛደሩን ሒሳብ በደብተር ትመዘግብ ነበር። የደረሰችበት ነገር ቀላል ነው፦ ባጃጅ የተወደደበት ሰው ወደ ጋሪ ይዞራል፤ ፈላጊ የበዛለት ባለ ጋሪ ደግሞ ዋጋ ይጨምራል። «ሌላ ምክንያት ቢኖርስ?» የሚል ይኖራል፤ እሷ ግን የፈረሱ ቀለብ የገብስ ዋጋ ጨምሮ እንደሆነ ብላ ባለ ጋሪዎቹን ጠይቃ ነበር። ያን ገጽ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። የደብተሩ ፎቶግራፍ ላይ የዘይት ጠብታ ነበረበት።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝንም አስቡት። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንደሚደኸይ የጻፈው ሰው ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የሠራ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ነው ያረፈው። ሚዛንና ቀረጥ ባያይ ኖሮ እንደዚያ የሚጽፍ አይመስለኝም።

የቋራ ልጅ፦ እኛ ዘንድ ያለው ሰሊጥ ነው። ብሩ በገበያ እንዲተመን መደረጉ ገበሬውን ጠቅሞታል ብዬ ብጽፍስ?

ነጋዴው፦ ጠቅሟል እንጂ! ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሰሊጥ በዶላር ነው የሚሸጠው።

የአዘዞዋ፦ ማዳበሪያና ናፍጣስ በምን የሚገዛ መሰለህ?

ነጋዴው፦ የሰሊጥ ገበሬ ስንት ማዳበሪያ ይጠቀማል? መተማ ሄደሽ ታውቂያለሽ?

የአዘዞዋ፦ አባቴ እዚያው አርሷል። ትራክተሩን በውኃ ነበር የሚነዳው?

መልስ፦ ክርክሩን በሌላ ቦታ። ግን ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው በአንድ ሰሞን ይደራረብና የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይሰቀላል። ጥሪት የሌለው ገበሬ ለሠራተኛው ተበድሮ ይከፍላል፤ ዕዳውን ለመዝጋት ደግሞ ምርቱን በአውድማው ይሸጣል። ዋጋው ኋላ በምርት ገበያ ቢጨምር ሰሊጡ ቀድሞ ከእጁ ወጥቷል። አንተ የቋራው፣ ብሩን ተወውና አሥር ገበሬ በስንት ተበድረው በስንተኛው ቀን እንደሸጡ ጠይቅ። ጽሑፍህ እሱ ነው።

ፋሲል፦ ያለ ሥራ ልምድ ማመልከት ይቻላል?

መልስ፦ እንደ ፕሮግራሙ ነው። ከላይ ጽፌአለሁ።

እንግዳ፦ ቪዛው ያስቸግራል?

መልስ፦ ኤምባሲ ጠይቅ።

ትዕግሥቱ፦ ፒያሳ አንድ ቢሮ ፎርም ሞልቶ ይልካል፣ አገልግሎቱን ብቻ ነው የሚያስከፍል...

መልስ፦ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ የለም አልሁ እኮ። ፎርም መሙላት የማይችል ሰው የፖሊሲ ሐሳብ ሊጽፍ ነው?

ነጋዴው፦ ጋሼ አይቆጡ፣ ልጁ ኢንተርኔት ላያገኝ ይችላል።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ቸኩያለሁ። ትዕግሥቱ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብተህ ራስህ ሙላው። የሰዓቱን ብቻ ክፈል።

ዘውዴ፦ ስለ ፌሎውሺፑ ሙሉ መረጃ ቢሰጡን?

መልስ፦ የትኛው ፌሎውሺፕ? ምኑን?

ወለላ፦ ያለ ሥራ ልምድ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።

የአራዳው፦ ጋሼ፣ እኔ ምንም ርዕስ የለኝም። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስሁ ጀምሮ የእናቴ በርበሬ መደብር ውስጥ ነው ያለሁት።

መልስ፦ በዱቤ ትሸጣለች?

የአራዳው፦ አዎ፣ መዝገብ አላት። ግን ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም። ስም አትጽፍም፤ ለአንዱ መስቀል፣ ለአንዱ ክብ፣ ለአንዷ ጎረቤታችን ደግሞ የጀበና ሥዕል።

መልስ፦ ማን በስንት ቀን እንደሚከፍል፣ ማን ሲዘገይ ዝም እንደምትለው፣ ማንን ደግሞ ጨርሶ እንደማታበድረው ታውቃለች ማለት ነው። ባንክ ያላወቀው ይህንን ነው። ነገ መደብሩ ሲዘጋ አጠገቧ ተቀመጥና ከጀበናዋ ጀምር። እኔ ለዛሬ በቃኝ፤ መብራትም ሊሄድብኝ ነው።