«ኮመንቱን ላጥፋው?» እና ሌሎች የነጋዴዎች ጥያቄዎች

ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አንድ ደንበኛ «አንዴ ቢታጠብ ተበጣጠሰ» ብሎ ፌስቡክ ፔጄ ላይ ጻፈ። ላጥፋው? (ከደብረ ብርሃን)

አያጥፉት። ካጠፉት ሰውየው ስክሪንሾቱን ይዞ ሌላ ግሩፕ ይገባል፤ ያኔ ወሬው ስለ ብርድ ልብሱ መሆኑ ይቀርና «ቅሬታ ያጠፋሉ» የሚል ይሆናል። መደበቅም አያድንም፤ የተደበቀ ኮመንት ለጻፈው ሰውና ለፌስቡክ ጓደኞቹ መታየቱን ይቀጥላል። መደበቁን ለስድብና ለአጭበርባሪ ሊንክ ያቆዩት።

በዚያው ቀን፣ እዚያው ኮመንት ሥር እንዲህ ብለው ይመልሱ፦ «ስላጋጠመዎት ይቅርታ እንጠይቃለን። ይዘውት ይምጡ፣ እንየው፤ ጥፋቱ የእኛ ከሆነ እንቀይራለን።» ስልክዎን ይጨምሩ። «በሙቅ ውሃ አጥበውት ይሆናል» የሚለውን ክርክር እዚያ አይክፈቱ። እውነት ቢሆን እንኳ ለሚያነበው ሰው ሽሽት ይመስላል፤ አስተጣጠቡን በስልክ ይጠይቁ። ብዙዎች የሚረሱት ቀጣዩን ነው፦ ጉዳዩ ሲያልቅ ተመልሰው «ተቀይሮላቸዋል» ብለው ይጻፉ። ቅሬታውን ያየ ሁሉ መፍትሔውንም እዚያው ማየት አለበት።

ሦስት ሰው ያንኑ ቅሬታ ካመጣ ግን ነገሩ የኮመንት ጉዳይ አይደለም፤ ዕቃውን ከመደርደሪያ ያውርዱ።

በርኖስና ባና ቲክቶክ ላይ አሳያለሁ። ተመልካች ሞልቷል፣ ገዢ የለም። (ከመሐል ሜዳ)

«ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይተዉት። አዲስ አበባ ያለ ገዢ የመንዝ በርኖስ እንደሚያሞቅ ያውቃል። የማያውቀው ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ ዋጋውንና በምን እንደሚደርሰው ነው። አምስቱንም ቪዲዮው ላይ ይጻፉ።

ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንዶች በሰላምታ አይጨርሷቸው፤ ሰው ለብሶት ይታይ፣ ከዚያ ፈትሉን ቀረብ አድርገው ያሳዩ። አምፖል ሥር የተቀረጸ ጥቁር ሱፍ ቡናማ ሊመስል ይችላል፤ ገዢው ሲረከብ «ያዘዝኩት ይህ አይደለም» ይላል። ስለዚህ ጠዋት ደጅ ወይም በር አጠገብ ይቅረጹ።

አካውንትዎን ወደ ቢዝነስ ከቀየሩ የታወቁ ዘፈኖችን አያገኙም፤ የሚቀርልዎ ለንግድ የተፈቀደው ሙዚቃ ነው። አይዘኑ፣ የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ ከብዙ ዘፈን ይሻላል።

የሆቴላችንን ቴሌግራም ቻናል የከፈተው ልጅ ሥራ ሊለቅ ነው። ምን እናድርግ? (ከሸዋ ሮቢት)

ሳይለቅ የቻናሉን ባለቤትነት ይረከቡ። አድሚን መሆን ብቻ አይበቃም፤ ባለቤቱ አድሚኑን በፈለገበት ሰዓት ማውረድ ይችላል። ልጁ መጀመሪያ እርስዎን አድሚን ያድርግና መብቱን ሁሉ ይክፈትልዎ፤ ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ ባለቤትነትን የማስተላለፊያው ምርጫ ይመጣል።

አንድ መሰናክል አለ፦ የልጁ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን፣ በዚያ ስልክ ከገባም ቢያንስ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት። በስንብቱ ዕለት ቢጀምሩት ሳምንት ሙሉ ልጁን ሲለምኑ ይከርማሉ። ፌስቡክ ፔጅ ካላችሁ ደግሞ ሙሉ ቁጥጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንዱ ራሱ የሆቴሉ ባለቤት ይሁን።

ቆሎ እሸጣለሁ። በስንት ሰዓት ልለጥፍ? (ከደብረ ሲና)

ደንበኛዎ መንገደኛ ከሆነ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞክሩ። ቀጠሮ ሰጥተው የሚለጥፉ ከሆነ ግን የስልክዎን ሰዓት ልብ ይበሉ፦ ለጠዋቱ 3 ሰዓት የሚሞላው 9:00 ነው። 3:00 ብለው ከሞሉ ማስታወቂያዎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይወጣል።