ሮቦት የሚነግድበት ላፕቶፕ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከፒያሳ እስከ አዘዞ የጎንደር ወጣት ሁሉ ነጋዴ ሆኗል፤ ያውም እሱ ተኝቶ ሮቦት የሚነግድለት። ሮቦት የምለው በፎሬክስ፣ ማለትም በውጭ ገንዘቦች ንግድ፣ ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ጥያቄዎቻችሁም ወደዚያው አዘንብለዋል።

«ጋሼ፣ ዜኦን ፕሮሰሰርና 64 ጊጋ ራም ያለው ስላሽ ዎርክስቴሽን ላፕቶፕ አግኝቻለሁ። የፎሬክስ ሮቦቴን ቀንም ሌትም ላሠራበት አስቤ ነው። ልግዛው?» (ከአዘዞ)

ተው ልጄ፣ አትግዛው። ሮቦትህ ዋጋ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ትንሽ ያሰላል፣ ትእዛዝ ይልካል፤ በቃ። ለዚህ 8 ጊጋ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ይተርፈዋል። ዎርክስቴሽን፣ ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር፣ ዋጋው የሚወደደው ስህተቱን ራሱ በሚያርም ራምና ለሕንፃ ንድፍ በተሠራ ግራፊክስ ካርድ ነው። ያንተ ሮቦት ሁለቱንም አይፈልጋቸውም።

ፍጥነት ካልከኝ ደግሞ ጣጣው ያለው የኢንተርኔት ገመዱ ላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የብሮከርህ፣ ማለትም ትእዛዝህን ተቀብሎ የሚፈጽመው ድርጅት፣ ሰርቨር ለንደን ከሆነ ከጎንደር በአየር መስመር 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 55 ሚሊሰከንድ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የትኛውም ዜኦን ይህን አያሳጥርልህም። የሚያሳጥረው ሰርቨሩ ባለበት ከተማ ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምታዘው ሁሌ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ መከራየት ነው። ክፍያው በዶላር መሆኑ ራስ ምታት ነው፤ የውጭ ምንዛሬ ሕጉንም አስቀድመህ አጣራ።

መብራቱስ? አንድ የክረምት ማታ ሮቦቴ እየነገደ እኔ እራት ላይ ሳለሁ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ የዋይፋዩ ሳጥን ግን ጨለመ። እኔ «ባትሪ አለኝ» ብዬ ሽሮዬን ተረጋግቼ ጨረስኩ። መብራት ሲመጣ ትርፌ ሁሉ ተበልቶ ጠበቀኝ። ለካ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራ ሲበዛ ንግዱን የሚዘጋው ትእዛዝ፣ የሚቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፤ የሜታትሬደር (የመነገጃ ፕሮግራሙ) ትሬይሊንግ ስቶፕ፣ ማለትም ትርፍ ባደገ ቁጥር ስቶፕ ሎሱን የሚያስከትለው፣ ግን የሚንቀሳቀሰው ከራስህ ኮምፒውተር ነው፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ባለበት ይቀራል። ለዎርክስቴሽን ከምታወጣው ቀንሰህ ለዋይፋዩ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ግዛለት።

«ባክቴስት ሳደርግ፣ ማለትም ሮቦቴን ባለፈው ዋጋ ላይ ስፈትን፣ የ10 ዓመት ዳታ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅብኛል። ለዚህስ?» (ከማራኪ፣ ተማሪ)

ለዚህ እንኳ ጠንካራ ማሽን ይጠቅማል። ግን በየትኛው ነው የምትሠራው? የሜታትሬደር 4 መሞከሪያ የሚጠቀመው አንድ ኮር (የፕሮሰሰሩን አንድ የሥራ ክፍል) ብቻ ነው፤ 16 ኮር ብትገዛለት 15ቱ ቁጭ ብለው ያዩሃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሜታትሬደር 5 ግን የተሻለውን ቅንብር ለመፈለግ ብዙ ሙከራ ስታዘው ሙከራዎቹን ለኮሮቹ ሁሉ ያከፋፍላል፤ አንድ ነጠላ ሙከራ ግን እዚያም በአንድ ኮር ነው የሚሄደው። እሱን ከያዝክ ከላፕቶፕ ይልቅ ዴስክቶፕ ግዛ፤ በዚያው ብር የተሻለ ፕሮሰሰር ታገኛለህ። ላፕቶፕ ለሰዓታት ሲጨነቅ ይግላል፣ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ ቆላ ላይ ያህል አያቀዘቅዝልህም።

አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ባለፈው ዋጋ ላይ ልክክ የሚል የሮቦት ማስተካከያ ቁጥር ቶሎ ታገኛለህ። የነገው ዋጋ ግን ያንን ቁጥር አያውቀውም።

«ግራፊክስ ካርዱ ሮቦቱን ያፈጥነዋል?»

በኦፕን ሲኤል፣ ማለትም ስሌቱን ወደ ግራፊክስ ካርድ በሚልክ የፕሮግራም መጻፊያ፣ ካልተጻፈ አያፈጥነውም።

«ልጄ ሥራ ነው እያለ ውድ ላፕቶፕ ግዥልኝ ይለኛል። ምን ልበለው?» (እናት፣ ከአራዳ)

እህቴ፣ አይቆጡት፤ ግን ገንዘቡን አሁን አይስጡት። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤስማ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ፎሬክስን ጨምሮ በዋጋ ልዩነት ውል (ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ብቻ በሚያተርፉበት ወይም በሚከስሩበት ውል) ከሚነግዱ የተራ ደንበኞች ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ ነው። ትልልቆቹም አይድኑም፦ ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. በአግባቡ ባልተጫነ ፕሮግራም ምክንያት በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጥቷል። የኮምፒውተር እጥረት አልነበረባቸውም። ልጅዎ በያዘው ላፕቶፕ ስድስት ወር በዴሞ (የእውነት ገንዘብ በሌለበት የመለማመጃ) ሒሳብ ይሥራና ውጤቱን ያሳይዎት፤ የከሰረበትን ወር ጭምር።

«ጋሼ፣ ምክርዎ ዘገየብኝ፤ ዎርክስቴሽኑን ገዝቼዋለሁ።» (ከፒያሳ)

ሻጩ ይመልስልህ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቀው። እምቢ ካለ፣ የመጨረሻ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ፈልግ። ግራፊክስ ካርዱን ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ ብርህን ሳታጎድል የምትሸጥለት እሱ ነው።