በሚያዝያ ዝናብ ቢጫ ስለሆነው ጎመንሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጓሮ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። መጋቢት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም ተከልሽ፤ ዝናቡ ሲበረታ ጎመኑ ቢጫ ሆነ፤ የቲማቲሙ ቅጠል ጠቆረ፤ አሁን ማዳበሪያ ልጨምር ወይ ነው ያልሽው። አትጨምሪ። ለምን እንደሆነ ግን ትንሽ ላውራሽ፤ እኔ በዚህ ነገር ሦስት በልግ ከስሬያለሁ።

ቤታችን አዲስ አበባ፣ አያት የሚባለው ሰፈር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ያብጥና ይዘጋል። ያኔ ውሃ ወደ ታች አይወርድም፤ እዚያው ይተኛል። ሰሚት ነኝ ስላልሽ ያንቺም አፈር ከእኔ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ዓመት የመጋቢት ዝናብ እንደጣለ በማግስቱ ዶማ ይዤ ወጣሁ። አፈሩ ለስልሷል፣ መቆፈር አሁን ነው አልኩ። ቦት ጫማዬን አድርጌ መሃል ለመሃል እየረገጥኩ ገለበጥኩት። ከዚያ አስር ቀን ሙሉ ፀሐይ ሆነ። በልግ መቼም እንዲህ ነው፤ መጣሁ ይልና ድራሹ ይጠፋል። የገለበጥኩት አፈር ሁሉ ጡብ ሆኖ ቀረ፤ በመዶሻ ነው የሰባበርኩት። አሁን ከመቆፈሬ በፊት አንድ ጭብጥ አፈር አነሳና እጨምቀዋለሁ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ከተፈረካከሰ እቆፍራለሁ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ዶማውን መልሼ እገባለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ልክ እንዳንቺ ጎመኑ ቢጫ ሆነብኝ። ርቦት ነው ብዬ አንድ ኩባያ ዩሪያ በተንኩበት። ምንም አልተለወጠም፤ እንዲያውም ጠርዝ ጠርዙ ተቃጠለ። በኋላ ነው የገባኝ። ሥር እንደኛው አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ሲሞላው ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ አጠገቡ ያለውን ምግብ እንኳ መውሰድ አይችልም። በዚያ ላይ ዩሪያው ውስጥ ያለው ምግብ፣ ናይትሮጅኑ፣ ገሚሱ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ገሚሱ ወደ አየር ይተናል። እና ውሃውን ሳታስወጪ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብሽን ቦይ ውስጥ መድፋት ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። የእነዋሪ ሰው ናቸው። እነዋሪ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ የዋልካ አገር ነው፤ ገበሬው ስንዴውን ውሃ እንዳይተኛበት መሬቱን በእጁ ከፍ ያለ መደብና ቦይ አድርጎ ነው የሚዘራው። ለፋሲካ መጥተው ጓሮ ወጡና ቆመው አዩት። «ልጄ፣ ጎመኑን ኩሬ ውስጥ ነው እንዴ የተከልከው?» አሉኝ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ዶማ አስያዙኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሹሩባ እንደሚያሠራ ሰው «እዚህ ጋ ሰንጥቅ፣ ያንን ወዲህ መልስ» እያሉ።

የሠራነው ነገር ቀላል ነው። መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ድረስ ይደርሳል፣ ስለዚህ ላዩ ላይ መውጣት አያስፈልግሽም። በየመደቡ መካከል አንድ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ አለ፤ ከቦዩ የወጣው አፈር መደቡን ከፍ ያደርገዋል። ቦዮቹ በሙሉ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ያዘነብላሉ። አንቺ ጎመንሽን መንቀል አይጠበቅብሽም። በረድፎቹ መካከል ቦይ ቅደጂ፣ አፈሩን ወደ ሥሩ መልሺ፣ ቢጫውን ቅጠል ቅጠፊ። ሥሩ ካልበሰበሰ ከመሃል አዲስ አረንጓዴ ቅጠል ይወጣል። ያኔ ብስባሽ ጣል አድርጊበት።

ሌላ ነገር፤ አሸንዳሽን እዪ! እኛ ቤት ግማሹ ጥፋት ከሰማይ የመጣ አልነበረም፤ ከቆርቆሮው ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ውሃ ይወርዳል። የኛ አሸንዳ ያንን ሁሉ የሚደፋው ቆስጣው ላይ ነበር። አሁን ወደ በርሜል ይገባል፤ የተረፈው በቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲቋረጥ ያው በርሜል ያጠጣልኛል።

ቲማቲሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለበትና ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ነጣ ያለ ሻጋታ ካየሽ፣ ሰው ምች መታው የሚለው በሽታ ነው። የፀሐይ ምች አይደለም። ብርድና እርጥብ ቅጠል ሲገናኙ የሚስፋፋ ነው፤ ድንችንም የሚጨርሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር ተጥሎ በራሱ የበቀለ ድንች ካለሽ መጀመሪያ እሱን ንቀይ። የታመመውን ቲማቲም በፌስታል አድርገሽ አስወጪው፤ ብስባሹ ውስጥ አትጣይው። መድኃኒት የሚረጩ አሉ። እኔ ልጆቼ እየቀጠፉ ስለሚበሉ አልነካውም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ቲማቲሙን ክፈፍ ሥር ማስጠጋት፣ በእንጨት ማቆምና ውሃ ስር ስሩን ብቻ ማጠጣት ነው። ነጭ ላስቲክ ከላይ ብትዘረጊም ይሆናል፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ቅጠሉን ያድርቀው። ሐምሌና ነሐሴን ሜዳ ላይ ቲማቲም ለማሳለፍ መሞከር ትቻለሁ። ከመስከረም በኋላ እተክላለሁ፣ በሰላም እበላለሁ።

ለጥያቄሽ «ጭድ አብዝተሽ ጎዝጉዢበት» ብሎ የመለሰልሽ ወንድም ለበጋ ልክ ነው። በዚህ ዝናብ ግን የቀንድ አውጣ ሆቴል ትከፍቺያለሽ። እኔ ጋ ዛጎል ያለውም የሌለውም ጭዱ ሥር ቀኑን ተኝቶ ሌሊት ሰላጣውን ይጨርሰው ነበር። አመድም ደረቅ ሲሆን ነው የሚሠራው፤ አንዴ ከዘነበበት ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው። ልጆቼ በቁጥር ይወዳደራሉ። ክሽክሹን፣ ያንን ከቅጠል ጀርባ የሚጣበቅ ጥቃቅን ተባይ፣ ለጊዜው እርሺው፤ ከባድ ዝናብ ራሱ ያጥበዋል። ግንቦት ላይ ደረቅ ሲሆን ግን የጎመኑን ጀርባ እያገላበጥሽ እዪ።

ጤና አዳምሽና የስጋ መጥበሻሽ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ካሉ ዛሬውኑ አንሺያቸው። ሥራቸው ውሃ ከተኛበት አይድኑም። እኔ የተቆረጠ ጀሪካን ሥሩን በስቼ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልቼ ግድግዳ ሥር አስቀምጬላቸዋለሁ። ለዋልካው ግን አሸዋ አትመኚ። አንዴ ሦስት ጋሪ አስመጥቼ ብደባልቀው ሲሚንቶ ነው የሆነብኝ።

በረዶ ከጣለም አትደንግጪ። ቆስጣዬን አምና ወንፊት አድርጎት ነበር፤ የተቀደደውን ቆርጠን ወጥ ሠራንበት፣ በሦስት ሳምንት ተመልሶ መጣ። ለችግኝ ግን አሮጌ አጎበር በቆመ እንጨት ላይ ወጥሪበት።

በአቆጣጠራችን ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ነው፤ ከዚያ ዋናው ክረምት ይገባል። ቦዩን ለመቅደድ ጊዜ አለሽ ማለት ነው። እስከዚያው ጓሮሽን ከላይ ሆነሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አሸንዳው የሚወርድበትና ዝቅተኛው ጥግ እንዲታይ አድርጊ። አማቴም አሁን እዚህ ናቸው፤ አሳያቸዋለሁ።