ፒዲኤም አድሚን ሁን ለተባልከው ወንድም፦ መጀመሪያ ባክአፑን አሳዩኝ በል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «አራት ዲዛይነሮች ነን፤ ፋይላችን ሼርድ ፎልደር ላይ ተዘበራርቋል፤ የሶሊድወርክስ ፒዲኤም ስታንዳርድ (የዲዛይን ፋይሎችን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ሊገጠምልን ነው፤ አድሚን አንተ ሁን ተባልኩ፤ ምን ልጠንቀቅ?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ባለ ማሽን ማምረቻ ይህንኑ ሥራ ነው የምሠራው። የሰሊጥ ማበጠሪያ፣ ወፍጮ፣ የውሃ ታንከር እናመርታለን። የፒዲኤምን ጥቅም አልደግምልህም፤ ሻጩ አውርቶ ጨርሶታል።

1. ገጣሚው «ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ተስተካክሏል» ካለህ «እስቲ አሳየኝ» በለው። የእኛው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ገጠመ፣ የርክክብ ወረቀት አስፈረመ፣ ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግንብን ሊጎበኝ ሄደ። ባክአፕ የተባለው ነገር በየሌሊቱ የአርካይቩን፣ ማለትም የፋይል ማከማቻውን፣ ፎልደር ወደ ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ነበር። ላየው ሰው ጥሩ ይመስላል። ግን ፒዲኤም ሁለት ቦታ ነው የሚኖረው። ፋይሎቹ አርካይቭ ውስጥ ናቸው። የፋይሎቹ ስም፣ ፎልደራቸው፣ የቨርዥን ታሪካቸው፣ ማን እንዳጸደቃቸው ደግሞ ኤስኪውኤል (SQL) የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰውየው አንዱን ይዞ አንዱን ትቶት ሄደ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። የሰርቨሩ ዲስክ በዚያው ቀረ። (ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ በጊዜው ጠይቄ ነበር። ፋይናንስ ክፍል «ጀነሬተር አለ አይደል?» አለኝ። ተጨማሪ ዲስክ ስጠይቅ ደግሞ «ፍላሽ አይበቃም?» ተባልኩ። ደብዳቤዎቹን አሁንም አስቀምጫቸዋለሁ።) ኤክስተርናሉን ስንከፍተው ፋይሎቹ በሙሉ አሉ፤ ግን አንድም ስም የለም። በቁጥርና በፊደል የተሰየሙ ፎልደሮች፣ ውስጣቸው 00000001፣ 00000002 እያለ የሚሄድ ፋይል። የማበጠሪያው ወንፊት የቱ ነው? የወፍጮው ዘንግ የቱ ነው? ስም የሚያውቀው ዳታቤዝ የለማ።

ገጣሚው ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የዳታቤዝ ባክአፕ ውላችሁ ላይ አልተጠቀሰም።» በማግስቱ ለዳታ ማዳኛ ተብሎ ፕሮፎርማ ላከ። አንጀቴ አረረ።

ያዳነን የዳታ ካርዱ ነው፤ ለየፋይሉ የሚሞላው ፎርም ማለት ነው። ገና ሲገጠም የድሮዊንግ ቁጥርና የዕቃ ስም የሚሞላባቸው ሳጥኖች ከፋይሉ ከስተም ፕሮፐርቲ (ፋይሉ ራሱ ውስጥ ካለው የመረጃ ቦታ) ጋር ይያያዙ ብዬ ድርቅ ብዬ ነበር። እንደዚያ ሲሆን የምትሞላው ነገር ዳታቤዙ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ራሱ ፋይሉ ውስጥም ይጻፋል። ልጆቹ «ይሄ ሁሉ ፎርም ለምንድን ነው?» እያሉ ያሙኝ ነበር። በየፎልደሩ ትልቁን ቁጥር፣ ማለትም የመጨረሻውን ቨርዥን፣ እየከፈትን ቁጥሩን ከፕሮፐርቲው አነበብን። አሴምብሊዎቹ (ብዙ ክፍል የተገጣጠመባቸው ፋይሎች) ደግሞ የሚጠሩትን ፓርት (ነጠላ ክፍል) ስም በውስጣቸው ይይዛሉ። ሲከፈቱ «እገሌ የሚባል ፋይል ጠፋብኝ» ይሉሃል፤ በዚያ እየተመራን ስም መለስን። ሥራው አድካሚ ነው፤ ለጠላትም አልመኘው። የቨርዥን ታሪኩና ማጽደቂያው ግን እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ካርድህን እንደዚያ አስተሳስር፣ ማንም ቢያጉረመርም አትስማ።

2. ፒዲኤም ስታንዳርድ የሚሠራው በኤስኪውኤል ኤክስፕረስ፣ በነፃው የኤስኪውኤል ዕትም፣ ነው። ኤክስፕረስ ደግሞ ኤጀንት የሚባለው የጊዜ መርሐ ግብር አስኪያጅ የለውም፤ ባክአፕ በራሱ አይነሳም። ትእዛዙን በስክሪፕት ጽፈህ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ሌሊት አስነሳው። የቮልትህን (ፋይሎችህ የሚቀመጡበትን የፒዲኤም ካዝና) ዳታቤዝ ብቻ ሳይሆን ኮኒሲዮማስተርዲቢ (ConisioMasterDb) የሚባለውንም ጨምር፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤስኪውኤሉ እየሠራ የዳታቤዙን ፋይል በኮፒ ፔስት ልውሰድ ብትል ተቆልፎ ነው የምታገኘው። አርካይቩንም በዚያው ሌሊት፣ ሰው በማይሠራበት ሰዓት ገልብጥ፤ የሁለቱ ቀን ከተለያየ ሲመለሱ አይገናኙም። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ ሞክረው። ካልተከፈተ ባክአፕ አለኝ አትበል።

3. ቼክ አውት፣ ማለትም ፋይሉን ለመሥራት በስምህ መያዝ፤ መልሶ ማስገባቱ ቼክ ኢን ይባላል። ይሄን ቁጥር የሰጠሁት ለአንድ ልጅ ብዬ ነው። ለጥምቀት ዋዜማ ዋናውን አሴምብሊ ቼክ አውት አድርጎ፣ ላፕቶፑን ቤቱ ቆልፎ፣ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። እኛ ደግሞ ደንበኛ ቆሞብናል። ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ በዚያ ሕዝብና ጭብጨባ መሃል ስልክ ማን ይሰማል? አድሚን ስለሆንክ ቼክ አውቱን መሰረዝ ትችላለህ። ግን የሚከፈትልህ መጨረሻ ቼክ ኢን የተደረገው ነው፤ የልጁ አዲስ ሥራ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው ያለው። ያን ቀን አልሰረዝኩም፣ ደንበኛውን ቡና ጋብዤ አቆየሁት። አሁን ከበዓል በፊት የማን ስም ላይ ምን እንደተያዘ ዝርዝሩን አውጥቼ፣ ቼክ ኢን ሳያደርግ ከቢሮ የሚወጣ የለም። ሥራ አስኪያጁንም ጭምር አስቁሜ አውቃለሁ።

4. የአድሚን ፓስወርድ ለማንም አትስጥ። ገጣሚው ሲሄድ ቀይረው።

ፐርሚሽን (ማን ምን መንካት ይችላል) እና ወርክፍሎው (ፋይሉ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች) ለአራት ሰው ቀላል ነው፤ ሳታወሳስብ «በሥራ ላይ»፣ «ለማጽደቅ»፣ «የጸደቀ» በቂ ነው። የጸደቀውን ዎርክሾፑ አንብቦ ያትም፣ አይንካ።

የባክአፕ ስክሪፕቱን ለብቻው እልክልሃለሁ። የዳታቤዙን ስምና የዲስኩን ፊደል ብቻ በራስህ ቀይር።